ጦሩ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር፦ «ሰላማዊ ሰዎችን ይጠብቃል» የሚለው ግዳጅ ማንን፣ እስከ ምን ያስገድዳል?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ዘመዶቼ የሚኖሩበት መንደር ከተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር ሰፈር የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። ታጣቂዎች እንደሚመጡ አስቀድሞ ለጦሩ ተነግሮት ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። ብዙ ሰው ሞተ። የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ግን ጦሩ ሰላማዊ ሰዎችን እንደሚጠብቅ ይናገራል። ይህ የጦር ወንጀል አይደለም? ድርጅቱን መክሰስስ አይቻልም? የማይጠብቁ ከሆነ ለምን ይመጣሉ?»

ሦስቱ ጥያቄዎች የተነሡት ከአንድ ሐዘን ቢሆንም ሕጉ ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ የተለያየ ነው። ለየብቻ እመልሳለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት፣ የሰላማዊ ሰዎች የሕግ ጥበቃ ከሰላም አስከባሪው ግዳጅ ይመነጫል የሚለው ግምት ነው። ጥበቃው ሰላም አስከባሪ በሌለበትም አለ። በ1949 የወጣው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት፣ አራቱም ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3 እና የ1977ቱ ሁለት ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ግዴታውን የሚጥሉት በተዋጊዎቹ ላይ ነው፤ የመንግሥት ሠራዊትም ሆነ አማፂ ቡድን ከዚህ አያመልጥም። አንቀጽ 3 በአገር ውስጥ ጦርነትም ቢሆን በውጊያው የማይሳተፍን ሰው መግደልን፣ ማሰቃየትንና ማገትን በማንኛውም ጊዜና ቦታ ይከለክላል። ስለዚህ ወደ መንደሩ የገቡት ታጣቂዎች የፈጸሙት ድርጊት፣ በአካባቢው አንድም ሰማያዊ ቆብ ያጠለቀ ሰላም አስከባሪ ወታደር ባይኖር እንኳ የጦር ወንጀል ነው። ይህን አስቀድሜ የምለው ጦሩን ነፃ ለማውጣት አይደለም። የተጎጂዎች አቤቱታ በሙሉ ባልደረሰው ጦር ላይ ሲያተኩር፣ የገዳዮቹ ስም በመዝገቡ ሳይሰፍር የቀረባቸው ጉዳዮች ስላሉ ነው።

ሰላም አስከባሪው በሕግ ፊት ያለው ቦታ ከዚህ ይለያል። በ1945 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር «ሰላም ማስከበር» የሚል ቃል የለውም። ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዳግ ሐማርሾልድ አሠራሩን «ምዕራፍ ስድስት ተኩል» ይሉት ነበር፤ ክርክርን በሰላም ስለመፍታት በሚደነግገው ምዕራፍ 6 እና ኃይል መጠቀምን በሚፈቅደው ምዕራፍ 7 መካከል የቆመ ነው ለማለት ነው። በ1948 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የተላኩት ታዛቢዎችም ሆኑ በ1956 በግብፅ የስዊዝ ቦይ ቀውስ ጊዜ የተቋቋመው ጦር የተላኩት የተኩስ አቁም ስምምነት መከበሩን እንዲያዩና ሁለት ሠራዊቶችን እንዲለያዩ ነበር። የተፋላሚዎች ፈቃድ፣ ገለልተኝነት፣ ራስን ከመከላከል ውጭ ኃይል አለመጠቀም የሚሉት ሦስት መርሖዎች የተቀረጹት ለዚያ ሥራ ነው። መንደርን ከታጣቂ መከላከል በሐሳቡ ውስጥ አልነበረም። የኋለኛው ግዳጅ ለሌላ ሥራ በተቀረጸ መሣሪያ ላይ የተጨመረ መሆኑን ሳይረዱ፣ ዛሬ የሚታየው ክፍተት ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

ለውጡን ያመጡት ሁለት ውድቀቶች ናቸው። በሩዋንዳ የተሰማራው ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር፣ ጭፍጨፋው ከመጀመሩ ወራት በፊት፣ በኅዳር 1993፣ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ለማስቆም ኃይል መጠቀምን የሚፈቅድ አንቀጽ ያለበት የኃይል አጠቃቀም ደንብ ረቂቅ ወደ ኒውዮርክ ልከው ነበር፤ ይፋዊ ማጽደቂያ አልመጣላቸውም። በሚያዝያ 1994 ግድያው ሲፋፋም አሥር የቤልጂግ ወታደሮች ተገደሉ፤ ቤልጂግም ጦሯን አወጣች። በኪጋሊ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የነበሩት የቤልጂግ ወታደሮች ሚያዝያ 11 ቀን ለቀው ሲወጡ፣ በግቢው ተጠልለው የነበሩ 2,000 ያህል ሰዎች በውጭ ለሚጠብቋቸው ገዳዮች ተተዉ። ከአሥር ቀን በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 912 ጦሩን ወደ 270 ሰው ቀነሰው። አዛዡ ብዙ ወታደር በሚያስፈልጋቸው ሰዓት የነበራቸውም ተወሰደባቸው ማለት ነው።

የቦስኒያዋ ከተማ ስሬብሬኒጻ ሌላውን ስሕተት አሳየች። የጸጥታው ምክር ቤት በ1993 ከተማዋን «አስተማማኝ ቀጣና» ብሎ ሰየማት። ዋና ጸሐፊው በቦስኒያ ያሉትን እንዲህ ያሉ ቀጣናዎች በጥቃት እንዳይደፈሩ ለማድረግ ወደ 34,000 የሚጠጋ ወታደር እንደሚያስፈልግ ቢያመለክቱም፣ አባል አገሮች የመረጡት 7,600 ሰው የሚያሰማራውን ቀላሉን አማራጭ ነበር። በሐምሌ 1995 ከተማዋን ይጠብቅ የነበረው የሆላንድ ሻለቃ ጦር፣ ቁጥሩ ጥቂት መቶ ሆኖ፣ የቦስኒያ ሰርቦችን ጥቃት መመከት አልቻለም፤ ከ8,000 የሚበልጡ ወንዶችና ታዳጊዎች ተገደሉ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት የወታደሮቹ ፈሪነት አይደለም። ሰዎች «አስተማማኝ» የሚለውን ቃል አምነው ወደ አንድ ቦታ ተሰበሰቡ፤ ቃሉን የጻፉት ግን ቃሉ የሚጠይቀውን ኃይል አልላኩም። ቃሉ ራሱ ሰዎችን ለአደጋ አጋለጠ።

ሰላማዊ ሰዎችን መጠበቅ በግልጽ በግዳጅ የተጻፈው ከዚህ በኋላ፣ በጥቅምት 1999 ነው። ስለ ሴራሊዮን የወጣው ውሳኔ ቁጥር 1270 በምዕራፍ 7 መሠረት ጦሩ «በአቅሙና በተሰማራባቸው አካባቢዎች ውስጥ» አካላዊ ጥቃት ለተቃጣባቸው ሰላማዊ ሰዎች ጥበቃ ለመስጠት አስፈላጊውን እርምጃ መውሰድ እንደሚችል ይገልጻል። የአገሩን መንግሥት ኃላፊነት ከግምት ማስገባት እንዳለበትም ያክላል። ግሱን ልብ ብለው ያንብቡት፤ «ይችላል» ነው የሚለው። አቅም፣ የተሰማራበት አካባቢ፣ የተቃጣ ጥቃት፣ የመንግሥት ቀዳሚ ኃላፊነት፦ አራት ገደቦች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሉ። በኋላ የወጡት ውሳኔዎች ቋንቋውን አጠንክረዋል፤ ለምሳሌ በግንቦት 2014 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 2155 ለደቡብ ሱዳኑ ተልዕኮ የሰላማዊ ሰዎችን ጥበቃ ከዋና ዋና ሥራዎቹ በፊት አስቀምጦ «ማንኛውንም አስፈላጊ ዘዴ» እንዲጠቀም ፈቅዷል። የአቅምና የሥምሪት ገደብ ግን ከሕጉ መንፈስ አልጠፋም። ስለዚህ ግዳጁ የሚጥለው የትጋት ግዴታ ነው፤ ጦሩ ባለው አቅም በቂ ጥረት ማድረግ አለበት። እያንዳንዱ መንደር እንደማይነካ የሚሰጥ ዋስትና አይደለም። ይህ ልዩነት ለእርስዎ ጉዳይ ወሳኝ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ሰዎች ሞተዋል ወይ?» የሚል ሳይሆን «ጦሩ አውቆ፣ አቅሙ እያለው፣ ሳይሞክር ቀርቷል ወይ?» የሚል ነው።

አውቆ አለመንቀሳቀስ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ የድርጅቱ የራሱ የውስጥ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት መስክሯል። በ2014 ባወጣው ግምገማ፣ ከ2010 እስከ 2013 ድረስ ሰላማዊ ሰዎችን የሚመለከቱ 507 የተዘገቡ ክስተቶችን መርምሮ፣ ተልዕኮዎቹ ወዲያውኑ ምላሽ የሰጡት ለ101ዱ ብቻ፣ ማለትም ከአምስት ለአንዱ መሆኑን ገልጿል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የፈቃድ እጦት አይደለም፤ በምዕራፍ 7 ፈቃዱ አለ። ችግሩ የዕዙ አሠራር ነው። በወረቀት ሻለቃው የሚታዘዘው ለተልዕኮው ኃይል አዛዥ ነው፤ በተግባር ግን አደገኛ ትእዛዝ ሲመጣ ሻለቃ አዛዡ መጀመሪያ የሚደውለው ወደ አገሩ ዋና ከተማ ነው፤ ልጆቹን አስከሬን አድርጎ ቢመልስ የሚጠይቀው ኒውዮርክ ሳይሆን የአገሩ መንግሥትና ሕዝብ ነውና። ጦር የሚያዋጡ አገሮች አንዳንዴ ወታደሮቻቸው ከተወሰነ ክልል እንዳይወጡ ወይም አንዳንድ ዓይነት ግዳጅ እንዳይፈጽሙ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፤ ሁሉም በይፋ የተጻፉ አይደሉም። በዚህ ላይ መንገዱ በዝናብ ሲዘጋ፣ ሄሊኮፕተር በሌሊት መብረር ካልተፈቀደለት፣ የቆሰለ ወታደር በፍጥነት ሕክምና የሚያገኝበት መንገድ ካልተረጋገጠ፣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የማይደረስበት ርቀት ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው ግን ጥቃት አድራሹ የአገሩ መንግሥት ሠራዊት ወይም የእርሱ አጋር ሲሆን ነው። ጦሩ በዚያች አገር የሚቆየው በመንግሥቱ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ማሊ በ2023 አሳይታለች። መንግሥቷ ተልዕኮው እንዲወጣ ጠየቀ፤ ምክር ቤቱ በሰኔ ግዳጁን አቆመ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ጦሩ ለቆ ወጣ። ይህን የሚያውቅ የተልዕኮ ኃላፊ በመንግሥት ወታደር ላይ ተኩሱ የሚል ትእዛዝ ለመስጠት ይዘገያል። ይህ ሕጋዊ ሰበብ ግን ሊሆን አይችልም፤ ግዳጁ ጥቃቱ ከማንም ይምጣ ከማን በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚቃጣውን ሁሉ ይመለከታል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልምጣ። አለመንቀሳቀስ በራሱ የጦር ወንጀል አይደለም። የአዛዥ የወንጀል ኃላፊነት፣ የዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤትን ባቋቋመው የሮም ስምምነት አንቀጽ 28 የተደነገገው፣ በአዛዡ ሥር ያሉ ወታደሮች ለሚፈጽሙት ወንጀል ነው፤ ሌላ ታጣቂ የሚፈጽመውን ባለማስቆም የሚጠየቅበት አንቀጽ በዚያ የለም። ሰላም አስከባሪው ራሱ ወንጀል ሲፈጽም ግን ሌላ ነገር ነው። ዋና ጸሐፊው በነሐሴ 1999 ባወጡት መመሪያ መሠረት የድርጅቱ ጦር ተዋጊ ሆኖ ኃይል በሚጠቀምበት ጊዜ በዓለም አቀፍ ሰብአዊ ሕግ መሠረታዊ ደንቦች ይገዛል። አንድ ወታደር አስገድዶ ቢደፍር ወይም ሰው ቢገድል፣ በወንጀል የመክሰስ ሥልጣኑ የላከው አገር ብቻ ነው። ይህ አሠራር ተጎጂውን ከፍርድ ቤቱ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚያርቅ፣ ከሥርዓቱ ድክመቶች ሁሉ የከፋው ነው ብዬ አምናለሁ።

በተቃራኒው፣ ሰላም አስከባሪዎችን ማጥቃት በሮም ስምምነት የጦር ወንጀል ነው፤ ጥበቃው የሚጸናው ግን ሰላማዊ ሰው የሚያገኘውን ጥበቃ የማግኘት መብት እስካላቸው ድረስ ነው። በውጊያ በቀጥታ ሲሳተፉ ያንን ጥበቃ ለጊዜው ያጣሉ። በ2013 በውሳኔ ቁጥር 2098 ለምሥራቅ ኮንጎ የተቋቋመው የጣልቃ ገብነት ብርጌድ ታጣቂ ቡድኖችን እንዲያጠቃ በመታዘዙ ይህን ጥያቄ ከንድፈ ሐሳብ ወደ ሜዳ አውርዶታል። በንዴት ወደ ጦር ሰፈሩ ድንጋይ የሚወረውሩ ወጣቶች በዚህ የሕግ ክርክር መተማመን የለባቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ድርጅቱን መክሰስ ይቻላል ወይ የሚለው፣ መልሱ አጭር ነው፤ አይቻልም። በ1946 የወጣው የመብቶችና ያለመከሰስ ስምምነት ድርጅቱን ከማንኛውም አገር ፍርድ ቤት ውጭ ያደርገዋል። በስሬብሬኒጻ የተገደሉት ሰዎች እናቶች ሞክረውት የሆላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ በ2013 ያለመከሰሱን አጽንተዋል። ይኸው የ1946ቱ ስምምነት ድርጅቱ ሌላ የክርክር መፍቻ መንገድ እንዲያበጅ ያስገድዳል። ተልዕኮዎች ከአስተናጋጅ አገሮች ጋር የሚፈርሙት ናሙና ስምምነትም ቋሚ የካሣ ኮሚሽን እንደሚቋቋም ይናገራል፤ እስከ ዛሬ አንድም አልተቋቋመም። የቀረው የድርጅቱ የውስጥ የካሣ ጥያቄ ሂደት ሲሆን፣ በጠቅላላ ጉባኤው የ1998 ውሳኔ መሠረት ጥያቄው ጉዳቱ ከደረሰ ወይም ከታወቀ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ለአካል ጉዳትና ለሞት የሚከፈለውም ከ50,000 የአሜሪካ ዶላር አይበልጥም። ይህ በር የተከፈተው ጦሩ ራሱ ላደረሰው ጉዳት ነው፤ ለምሳሌ ተሽከርካሪው ሰው ሲገጭ። ባለመጠበቅ ለደረሰ ሞት ይከፍላል ብሎ የሚነግርዎ ሰው ካለ አይመኑት።

የተከፈተው በር በሌላ በኩል ነው። የሆላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመስከረም 2013፣ ከጦር ሰፈሩ እንዲወጡ ተደርገው ለተገደሉ ሦስት ሰዎች ሞት የሆላንድ መንግሥት ተጠያቂ ነው ሲል ወሰነ። ወታደሮቹ የድርጅቱን ቆብ ቢያደርጉም በዚያ ሰዓት በድርጊቱ ላይ ውጤታማ ቁጥጥር የነበረው የሆላንድ መንግሥትም ነው፤ አንድ ድርጊት በአንድ ጊዜ የድርጅቱም የአገሩም ሊሆን ይችላል የሚል ምክንያት ሰጥቷል። በሐምሌ 2019 ደግሞ በግቢው ውስጥ ለነበሩ 350 ያህል ወንዶች መንግሥቱ የጉዳቱን 10 በመቶ እንዲሸከም ፈረደ፤ በግቢው የመቆየት ምርጫ ቢሰጣቸው ኖሮ የመትረፍ ዕድላቸው ያን ያህል ነበር በሚል ስሌት። ከግቢው ውጭ ለነበሩት በሺዎች ለሚቆጠሩ ግን ተጠያቂነት አላገኘበትም። በብራስልስ የቀረበው የኪጋሊው ትምህርት ቤት ክስ በሌላ አቅጣጫ ሄደ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ በ2010 ጥሎ የመውጣቱ ውሳኔ የቤልጂግ መንግሥት ነው ቢልም፣ ይግባኝ ሰሚው በ2018 ሽሮታል። በእኔ ንባብ፣ እነዚህ ክሶች እንዲያሸንፉ ወይም እንዲሸነፉ ያደረጋቸው አንድ ነጥብ ነው፤ ትእዛዙ ከማን መጣ የሚለው ነጥብ።

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ?» የሚለው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ «ለምንም» የሚለው መልስ ግን ስሕተት ነው። በታኅሣሥ 2013 ጁባ ውስጥ ውጊያ ሲፈነዳ፣ የደቡብ ሱዳኑ ተልዕኮ የጦር ሰፈሮቹን በር ለሸሹ ሰዎች ከፈተ፤ በጊዜ ሂደት በየሰፈሩ የተጠለሉት ከ200,000 በላይ ደረሱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሩ ባይከፈት ኖሮ በሕይወት እንደማይኖሩ አልጠራጠርም። ነገር ግን በየካቲት 2016 ማላካል ያለው መጠለያ ተጠቅቶ ሰዎች በዚያው ግቢ ውስጥ ተገደሉ፤ በሐምሌ ወርም ጁባ ላይ ጦሩ ያሳየው ዝግታ የኃይል አዛዡን ከሥልጣን አስነሥቷል። ስለዚህ ለዘመዶችዎ የምሰጠው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፦ ሰፈሩ አንዱ የመሸሻ ቦታ ይሁን እንጂ ብቸኛው አይሁን። ሌላ መንገድና ሌላ መጠለያ ያልታሰበበት ዕቅድ በአንድ ሻለቃ አዛዥ የሌሊት ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ዕቅድ ነው።

የምመክረው፣ በድርጅቱ ላይ ክስ በማዘጋጀት ገንዘብና ጊዜ እንዳያባክኑ ነው። ከሁሉ በፊት ማስጠንቀቂያው እንደተሰጠ የሚያሳየውን ማስረጃ አሁኑኑ ይሰብስቡ። ለጦሩ የተነገረው በስንት ሰዓት ነው? በየትኛው ስልክ ቁጥር፣ ወይስ በአካል በር ላይ? የተቀበለው ሰው ማዕረጉ ምንድን ነው፣ ምን ብሎ መለሰ? ስልኩ ላይ የቀረው የጥሪ መዝገብ፣ የተላከው መልእክት፣ ፎቶግራፉ ሳይጠፋ ይቀዳ። ያለዚህ «አውቆ ሳይሞክር ቀርቷል» የሚለው ክርክር ማቆሚያ የለውም፤ ከስድስት ወር በኋላ ስልክ ይጠፋል፣ ወታደሮቹም በአዲስ ተረኛ ተተክተው ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። ይህን ስትሠሩ የምስክሮችን ስምና መኖሪያ በአንድ ወረቀት ከታሪኩ ጋር አታስፍሩ። ዝርዝሩ በታጣቂዎቹ እጅ ቢወድቅ ሁለተኛ ጥቃት ይጠራል፤ ለጦሩ መረጃ ሰጥታችኋል ተብለው የተገደሉ ሰዎች አሉ።

የተሰበሰበው ነገር በጽሑፍ ለተልዕኮው የሰብአዊ መብት ክፍል እና ለሰላማዊ ሰዎች ጥበቃ አማካሪው ይቅረብ፤ መቀበላቸውን የሚያሳይ ቀን ያለበት ቅጂም ይያዝ። የሰብአዊ መብት ክፍሉ ግኝት በዋና ጸሐፊው በኩል ወደ ጸጥታው ምክር ቤት የሚሄድ በመሆኑ የመንደሩ ስም በዚያ ሪፖርት መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ፋይሉ በሁለት ይከፈል። አንደኛው ገዳዮቹን የሚመለከት ነው፤ የዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በአገሩ ላይ ሥልጣን ካለው ለዐቃቤ ሕጉ፣ ከሌለው የጦር ወንጀልን የትም ቢፈጸም ለማየት ሕግ ላወጡ አገሮች ፍርድ ቤቶች የሚሆን። ሁለተኛው ጦሩን የላከውን አገር የሚመለከት ሲሆን፣ በዚያ አገር የሚሠራ ጠበቃ ያስፈልገዋል። ጠበቃው መጀመሪያ ሊፈልገው የሚገባው ያን ዕለት ከዋና ከተማው ወደ ሻለቃው የሄደ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከተገኘ የሆላንዱ ፍርድ መንገድ ያሳያል፤ ካልተገኘ የብራስልሱ ይግባኝ ውሳኔ በፊታችሁ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ያላችሁን ኃይል በሙሉ በመጀመሪያው ፋይል ላይ አውሉት።